የክራንክ ዳምፐር፦ ቺንጋው እየዞረ የሚሞት ጎማ

የፒካፕ ሞተር ፊት ላይ ቺንጋዎቹን የሚያዞረው ትልቁ ፑሌጃ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ወጥ ብረት ይመስላል። በእጅ ባትሪ ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ግን ሦስት ነገር ነው፦ ክራንክ ሻፍቱ (የፒስተኖቹን ምት ወደ ዙር የሚለውጠው የሞተሩ ዘንግ) ላይ የሚሰካ እምብርት፣ ቺንጋውን የሚይዝ ከባድ የውጭ ቀለበት፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ተጠቅጥቆ የገባ ጎማ። ዳምፐር ያሰኘው ይህ ጎማ ነው።

በአዲስ አበባ ዳር የምናያቸው የሃይሉክስ ናፍጣ ሞተሮች፣ የድሮዎቹ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤልም ሆኑ በኋላ የመጡት 2ኬዲና 1ኬዲ፣ ሁሉም ባለ አራት ሲሊንደር ናቸው። እንዲህ ያለው ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያቃጥላል። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው) 800 ከሆነ በደቂቃ 1,600 ምት ማለት ነው። እያንዳንዱ ምት ክራንኩን በጥቂቱ ይጠመዝዘዋል፣ ክራንኩም ተመልሶ ይላቀቃል። ምቱና የክራንኩ የራሱ ንዝረት በሚገጣጠሙበት ዙር ላይ ጠመዘዛው እየበረታ ይሄዳል። ከባዱ ቀለበት ከዚህ መወራጨት ጋር አብሮ መሄድን እምቢ ሲል መካከል ያለው ጎማ እየታሸ ንዝረቱን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ጎማው ቢሞትም ቺንጋው መዞሩን፣ ዲናሞው መሙላቱን፣ ፓወር ስቲሪንጉም መሥራቱን ለጊዜው ስለማያቆም ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ጎማውን የሚገድሉት ዕድሜና ሙቀት ብቻ አይደሉም። ከሰበታ እስከ ዱከም፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ በየላቫጆው ሞተርን በናፍጣ ረጭቶ ማጠብ የተለመደ ነው። ናፍጣ ብረቱን ያብረቀርቃል፤ ጎማውን ግን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ከብረቱም ያላቅቀዋል። የፊት ኦይል ሲል (በክራንኩ ጫፍ ዙሪያ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት) የሚያንጠባጥበው ዘይትም ያንኑ ያደርጋል፤ በበጋ ደግሞ ከኮረት መንገዱ አቧራ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሞረድ የሚበላ ጥቁር ሊጥ ይሆናል። ሞተር ማጠብ የግድ ከሆነ ሙቅ ውሃና ሳሙና ይበቃል፣ ፊት ለፊቱን ደግሞ በላስቲክ መሸፈን።

በቺንጋ ጩኸት ብቻ መፍረድ ያሳስታል። በክረምት ጠዋት እርጥብ ቺንጋ ይጮሃል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዝም ይላል። ዳምፐሩ ከሆነ ሲሞቅም አይተውም፤ ቺንጋው በአንድ ጠርዙ ብቻ ይላጫል፣ አዲስ ቢገባም በአጭር ጊዜ ያው ይሆናል። ሞተሩን በሚኒሞ አስነስቶ፣ እጅንና ልብስን ከፋኑ አርቆ፣ ከጎን ሆኖ የፑሌጃውን ጠርዝ ማየት ነው። ወደፊትና ወደኋላ ሲወዛወዝ በዓይን ከታየ አልቋል። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ጎማው ከጉድጓዱ ወጣ ማለቱን፣ ዙሪያውን መሰንጠቁን፣ በጥፍር ሲጫኑት እንደ ድንጋይ መድረቁን መመርመር።

ከሁሉ የምወደው መፈተኛ ዋጋ የማይጠይቅ ነው። ከእምብርቱ ጀምሮ ጎማውን አቋርጦ እስከ ውጭው ቀለበት ድረስ በነጭ ቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር። መኪናው ሳምንት ሠርቶ ሲመለስ መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ ከተገኘ ቀለበቱ ይንሸራተታል ማለት ነው። ይህ የቺንጋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በድሮዎቹ የኤል ሞተሮች የመጀመሪያው ሲሊንደር ላይኛ ነጥብ (ፒስተኑ ጫፍ የሚደርስበት) ምልክት ያለው ቀለበቱ ላይ ነው፤ ቀለበቱ ከተንሸራተተ ምልክቱ ይዋሻል፣ በዚያ ምልክት የናፍጣ ፖምፓ ያስተካከለ መካኒክም ያለጥፋቱ ጭስና ጉልበት ማጣት ያተርፋል።

ሌላው ተንኮል ድምፁ ነው። የእምብርቱ ብሎን ሲላላ የሚሰማው ማንኳኳት የብሮንዚን (ክራንኩ የሚዞርበት ስስ የብረት ልባስ) ማንኳኳት ይመስላል፤ «ሞተር ይውረድ» የሚባልበትም ጊዜ አለ። ሞተር ከማውረድ በፊት ቺንጋዎቹን አውልቆ ለአጭር ጊዜ ማስነሳትና ማዳመጥ፣ ከዚያ አጥፍቶ ፑሌጃውን በሁለት እጅ ይዞ መነቅነቅ ይገባል። በብሎኑ ራስና በሮንዴላው ዙሪያ ዝገት የመሰለ ደቃቅ ቀይ ዱቄት ከተገኘ ምርመራው እዚያው አለቀ፦ እምብርቱ ክራንኩ ላይ እየተንቀሳቀሰ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው። በዚህ ሁኔታ የቆየ ከሆነ ዳምፐሩ ብቻ ሳይሆን ክራንኩ ላይ ያለው የቺያቤታ (እምብርቱን ከክራንኩ ጋር የሚቆልፈው ትንሽ ብረት) ጉድጓድም ሰፍቶ ሊገኝ ይችላል፤ ያኔ ሥራው ከጋራዥ ወደ ቶርኖ ቤት ይሻገራል።

ዕቃ ግዢው የመኪና መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ነው። አሮጌውን ይዞ መሄድ። የውጭ ስፋቱን፣ የቺንጋ መስመሮቹን ብዛት፣ እምብርቱ ወደ ውስጥ የሚገባበትን ጥልቀት፣ የቺያቤታውን ጉድጓድና የላይኛ ነጥቡን ምልክት ጎን ለጎን አድርጎ ማመሳከር። ጥልቀቱ በ2 ሚሊሜትር ቢለይ ቺንጋው ከዲናሞው ጋር ቀጥ አይልም። ክብደቱም ጉልህ ልዩነት ካለው አልገዛውም፤ ቀለበቱ የተለካው ለዚያ ሞተር ነውና። ያገለገለ ዳምፐር መግዛት ለኔ ገንዘብ መጣል ነው፤ የጎማ ዕድሜ በመልኩ አይታወቅም። ከዚያም የባሰ አለ፦ የተላቀቀውን ቀለበት በብየዳ ከእምብርቱ ጋር ማጣበቅ፣ ወይም በቶርኖ ወጥ ብረት አድርጎ ማስቀረጽ። ቺንጋው ቀጥ ብሎ ይዞራል፣ ሁሉም ይደሰታል፣ ክራንኩ ግን መከላከያ የለውም። ሲሰበር ከወራት በኋላ ስለሆነ ብየዳውን የሚያስታውሰው አይኖርም።

ከዳምፐሩ ጋር የፊት ኦይል ሲል፣ ቺንጋዎቹና አዲስ የክራንክ ብሎን ከወፍራም ሮንዴላው ጋር አብሮ መግዛት። ብሎኑ ከተገኘ ማለቴ ነው፤ ካልተገኘ የድሮው ጥርሱ ንጹሕ፣ አንገቱም ያልቀጠነ መሆኑን ማየት። ሮንዴላው ግን በተራ ሮንዴላ አይተካም፤ ተራው ሲጠብቅ ይሰምጥና ብሎኑ ይላላል። የኤል ሞተር ባለቤት ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የታይሚንግ ቺንጋ መብራት በ100,000 ኪሎ ሜትር የሚበራው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ያስብ፤ በነዚህ ሞተሮች ታይሚንግ ቺንጋውን ለመቀየር ዳምፐሩ መውለቁ ስለማይቀር ሁለቱን አንድ ቀን ማድረግ ድካምን ይቆጥባል።

አወላለቁ፦ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታ፣ የራዲያተሩ ውሃ ይውረድ። ፋኑና መከለያው ወጥተው ራዲያተሩን ማውረድ ጥሩ ነው፤ ማውረዱ ካላስፈለገ ፊቱን በወፍራም ካርቶን መከለል፣ አንድ የዳጠ ቁልፍ ክንፉን ለመብሳት በቂ ነውና። የፋኑ ክላች ውስጥ የሲሊኮን ዘይት ስላለ ተገትሮ ይቀመጥ፣ አይጋደም።

ብሎኑን ለመፍታት ክራንኩ መያዝ አለበት። ማኑዋል ካምቢዮ ከሆነ አምስተኛ ማርሽ አስገብቶ እግር ፍሬኑን ማስረገጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል። አንደኛ ማርሽ አይሆንም፤ ኃይሉን አባዝቶ ፍሬን የያዘውን የመኪናውን ጎማ ያሸንፋል። ያ ካልያዘ ሞተሪኖውን አውርዶ የፍላይዊሉን ጥርስ በጠንካራ ብረት መቆለፍ ነው፤ ካቻቢቴ መሰካት ግን ጥርስ ይሰብራል። ከሁሉ የሚሻለው ፑሌጃው ላይ ባሉት ሁለት ባለ ጥርስ ቀዳዳዎች የሚታሰር ረጅም መያዣ ሲሆን ማንኛውም ቶርኖ ቤት ከጠፍጣፋ ብረት ይሠራዋል። ቁልፉን ከሻንሲው ጋር አስደግፎ በሞተሪኖ ምት መፍታት የሚወዱ አሉ። እኔ አልደግፈውም፦ የናፍጣ ሞተር ነዳጁ በደንብ ካልተዘጋ ሊነሳ ይችላል፣ ያ ብረት በሚበርበት ጊዜ ማን የት እንደቆመ አይጠይቅም።

ብሎኑ ከወጣ በኋላ የሚበላሸው ነገር መጎተቻው ላይ ነው። ባለ ሦስት እግር መጎተቻ ከውጭው ቀለበት ጀርባ አስገብቶ መሳብ ጎማውን ይቀደዋል፤ አሮጌው ላይ ግድ ባይሰጥም ለኦይል ሲል ብቻ ተብሎ የወለቀ ደህና ዳምፐር እንዲህ ነው የሚሞተው። የሚሳበው ከእምብርቱ ነው፦ ሁለት 8 ሚሊሜትር ብሎኖች በሁለቱ ቀዳዳዎች ገብተው፣ መካከለኛው ብሎን የክራንኩን ጫፍ ይገፋል። የክራንኩ ጥርስ እንዳይጎዳ ጫፉ ላይ ትንሽ ብረት ማስደገፍ። መዶሻና እሳት የለም።

አሮጌው ኦይል ሲል ሲወጣ ክራንኩ እንዳይጫር ካቻቢቴው በጨርቅ ይጠቅለል። የአዲሱ ከንፈር ግሪስ ይቀባና ከቤቱ አፍ ጋር እኩል እስኪሆን በሰፊ ቱቦ ዙሪያውን እኩል እየተመታ ይገባል። ከንፈሩ የሚያርፍበት ብረት ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለው አዲስ ሲልም አይይዝም። ዘይቱ ተመልሶ ከመጣ ደግሞ የሞተሩን ትንፋሽ ቱቦ ማየት ነው፤ ከታፈነ የውስጥ ግፊቱ ሲሉን ይገፋዋል።

አዲሱ ዳምፐር ሲገባ የክራንኩ ጫፍ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ ዘይት ትንሽ ይቀባል፣ ቺያቤታው በቦታው መቀመጡ ይታያል። በእጅ ገፍቶ ካልገባ ረጅም ብሎንና ዳዶ ተጠቅሞ መሳብ። በመዶሻ መምታት ቀለበቱን ከጎማው ያንሸራትታል፣ ክራንኩን ወደኋላ የሚይዙትን ብሮንዚኖችም ይጎዳል።

የማጥበቂያው ልክ ከሞተር ሞተር ይለያል፤ የኤል ሞተሮቹ አነስ ያለ፣ 2ኬዲና 1ኬዲ ከ300 ኒውተን ሜትር በላይ ይፈልጋሉ። በየጋራዡ ያለው ባለ ግማሽ ኢንች ቶርክ ቁልፍ ብዙውን ጊዜ 210 ላይ ያበቃል፤ «ቶርክ አድርጌዋለሁ» የሚለው ቃል ስለዚህ ሁልጊዜ አያሳምነኝም። ባለ ሦስት ሩብ ኢንቹ ካልተገኘ የእህል ነጋዴ መንጠቆ ሚዛን ይበቃል። የተፈለገውን ኒውተን ሜትር ለ9.8፣ ከዚያ ለቁልፉ ርዝመት በሜትር ማካፈል ነው፦ 300 ከሆነ በ1 ሜትር ብረት ጫፍ 30.6 ኪሎ፣ በ80 ሳንቲ ሜትር ብረት 38 ኪሎ ገደማ። ሚዛኑ ከብረቱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ፣ ብረቱ ራሱ ክብደት እንዳይጨምር ወደ ጎን ይሳብ። ጥርሱን ዘይት መቀባትና አለመቀባት የሞተሩ መመሪያ እንዳዘዘው ብቻ ነው፤ በዘይት የጠበቀ ብሎን በዚያው ቁጥር ይበልጥ ይለጠጣል። ማጣበቂያ መቀባትም የማጥበቅን ቦታ አይተካም።

ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ወደ ቀኝ አዙሮ የሚነካካ ነገር አለመኖሩን ማየት፣ ቀጥ ያለ ማስመሪያ በፑሌጃዎቹ ፊት ማስደገፍ፣ ቺንጋዎቹን መወጠር። የድሮው ባለ ቪ ቺንጋ በ10 ኪሎ ያህል ግፊት 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረግባል። አዲስ ቺንጋ 5 ደቂቃ ከሠራ እንደ ያገለገለ ስለሚቆጠር፣ አስነስቶ አጥፍቶ ውጥረቱን እንደገና ማየት ነው። ራዲያተሩ ሲሞላ የጋቢናው ማሞቂያ ክፍት ይሁን፣ አየሩ ይውጣ። አዲሱም ዳምፐር ላይ ነጩ መስመር ይሰመርበት።

አሮጌው ለቆራሌው ከመሰጠቱ በፊት ቀለበቱ በብረት መጋዝ ይቆረጥ። ቀለም ተቀብቶ ለሌላ ፒካፕ እንዳይሸጥ።