ኮሌራ ሲገባ ማን ምን ይሥራ?

ወረዳችን ውስጥ ኮሌራ የገባ ጊዜ ምላሹን የማስተባበር ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ያኔ በጤና ጽሕፈት ቤቱ የበሽታዎች ቅኝት ባለሙያ ነበርኩ እንጂ ኃላፊ አልነበርኩም። «ኃላፊው እያለ እንዴት?» ያለ አልጠፋም። ሐሳቡን ያመጣው ግን ራሱ ኃላፊያችን ነው። ከዞን ይደወልለታል፣ አስተዳዳሪው ይጠራዋል፣ የሕፃናት ክትባቱም የእናቶች ጤናውም በእሱ ትከሻ ላይ ነው። ወረርሽኝ ደግሞ ሌላ ሥራ የሌለው፣ በማንኛውም ሰዓት ስልክ የሚያነሳ አንድ ሰው ይፈልጋል።

መጀመሪያ ያደረግነው ግብረ ኃይሉንና የምላሽ ቡድኑን መለየት ነው። ግብረ ኃይሉን የሚመራው የወረዳው አስተዳዳሪ ነው። ውሃ፣ ትምህርት፣ ፖሊስ፣ ኮሙኒኬሽን ሁሉም አሉበት። ገበያው ይዘጋ ወይስ ይቀጥል፣ የውሃ ቦቴ ከየት ይምጣ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ሌሊት ስንት ሪንገር (በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ) እንደቀረ ግን ግብረ ኃይል አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። ስለዚህ ከኃላፊዬ ጋር ተስማማን። ስብሰባው የእሱ፣ የዕለቱ ሥራ የእኔ። ማታ ማታ አንድ ገጽ ጽፌ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ይዞት ይገባል።

የሥራ ክፍፍሉን ከራሴ አላመጣሁትም። መነሻው አሜሪካ ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ በተነሳ የሰደድ እሳት 16 ሰዎች ሞቱ፣ ብዙ መቶ ቤቶችም ተቃጠሉ። በኋላ ሲጣራ ትልቁ ችግር የቅንጅት ሆኖ ተገኘ። የአንዱ መሥሪያ ቤት ሬዲዮ ከሌላው አይገናኝም፣ ለአንድ ነገር ሁሉም የየራሱ ስያሜ አለው፣ በአንድ አለቃ ሥር ደግሞ ከልክ ያለፈ ሰው ተደርድሯል። ከዚያ የወጣው አደረጃጀት አንድ መሪ አለው። በሥሩ ኦፕሬሽን፣ ዕቅድ፣ ሎጂስቲክስና ፋይናንስ አሉ። ከመሪው ጎን ደግሞ የደህንነት፣ የመረጃና የግንኙነት ኃላፊዎች ይቆማሉ። የእኛው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም በትልልቅ ወረርሽኞች ጊዜ በዚሁ ዓይነት መንገድ ይሠራል።

ወረዳ ላይ ይህ ሁሉ ሰው ከየት ይመጣል? አይመጣም። እኔም አጥፌ ወደ አምስት ክፍል አወረድኩት። ቅኝት፣ ሕክምና፣ ውሃና ንጽሕና፣ የኅብረተሰብ ግንዛቤ፣ ሎጂስቲክስ ከነፋይናንሱ። ተጠሪነቱ በቀጥታ ለእኔ የሆነው አምስት ሰው ብቻ ነው። መመሪያዎቹም ለአንድ አለቃ ከሦስት እስከ ሰባት ሰው፣ ቢቻል አምስት ይላሉ። ሌላው ሁሉ ከአምስቱ በአንዱ ሥር ነው።

ያጨቃጨቀን የሕክምና ማዕከሉ ኃላፊነት ነበር። ሐኪምም ጤና መኮንንም ነበሩን። የሰጠሁት ግን ለአንዲት ነርስ ነው። ምክንያቴ ቀላል ነው። በጣም ፈሳሽ ያለቀበት አዋቂ ሰው በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር በደም ሥሩ መግባት አለበት። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አምስት ሊትር ማለት ነው፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ። ከዚህ ውስጥ አንድ ሊትር ተኩሉ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይገባል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው በተረኛ ነው። ማን ከማን ጋር ሌሊት ይገባል? ማን ደክሟል? ከረጢቱን ማን ይቀይራል? ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች። ሐኪሙ ለከበደው ታማሚ ይጠራል፣ ውሳኔውም የእሱ ነው። ተረኛ የሚመድበው ግን እሱ አይደለም። ከየጤና ጣቢያው ለመጡት ነርሶችም ተመድበው እስካሉ ድረስ ተጠሪነታቸው ለእሷ እንደሆነ በደብዳቤ አሳወቅን። ያለ ደብዳቤ የጤና ጣቢያው ኃላፊ «ነገ ና» ብሎ ይጠራቸዋል፣ እነሱም ይሄዳሉ።

ሎጂስቲክስ ላይ ደግሞ ወሳኙ ነገር ቁልፍ ነው። የንብረት ክፍሉ ሰው በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ቆልፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያለ ሞዴል 22፣ ማለትም ያለ ንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ፣ ደግሞ አንድ ጓንት እንኳ አይወጣም። ደንቡን መጣስ አያስፈልግም። የሌሊቱን ፍጆታ ገምተን ቀን በሞዴል 22 እናወጣለን፣ ማዕከሉ ውስጥ እናስቀምጣለን፣ ሌሊት የወሰደ ሰው ደብተር ላይ ይፈርማል። ይህን ያስተካከለው የፋርማሲ ቴክኒሻን ነው፤ ሾፌሮቹንም በእሱ ሥር አደረግኳቸው። ሾፌር አለቃው ካልታወቀ መኪናው ሁልጊዜ «ለአስቸኳይ ጉዳይ» ሌላ ቦታ ነው።

የደህንነት ኃላፊነቱን የያዘችው የአካባቢ ጤና ባለሙያዋ ናት። ክሎሪኑን የምታስበጠብጠው እሷ ናት። ለእጅ 0.05 በመቶ፣ ለወለል 0.2፣ ለትውከት፣ ለሰገራና ለአስከሬን 2 በመቶ። በር ላይ የሚረጩት ጥበቃዎችም ተጠሪነታቸው ለእሷ ነው። እሷ «አቁም» ካለች እኔም እንደምቆም ለሁሉም ተናገርኩ። አስተዳዳሪው ሊጎበኙ የመጡ ቀን በሩ ላይ አስቆመቻቸው። «ክቡር አስተዳዳሪ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጫማዎ ሳይረጭ አይገቡም።» ሳቁና ቆሙ። ከዚያ ቀን በኋላ በር ላይ የተከራከረ ሰው አላየሁም።

ጠዋት ጠዋት አምስቱም ቆመን እንገናኛለን። ወንበር ከመጣ ሻይ ይመጣል፣ ሻይ ከመጣ ሰዓቱ ይሄዳል። ትናንት ምን ሆነ፣ ዛሬ ምን ይደረጋል፣ ምን ጎደለ። የሒሳብ ሠራተኛውንም እዚያው እንዲቆም አደረግሁ። አበል ሲዘገይ የተረኛ ዝርዝር እንዴት እንደሚሳሳ በጆሮው እንዲሰማ ነው። ችግሩ ሙሉ በሙሉ ተፈታ አልልም። ግን «መቼ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰው ነበር፤ ይህም ቀላል አይደለም።

ለራሴም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምክትል ነበረኝ፤ የቅኝት ቡድኑ መሪ። እኔ ስተኛ ስልኩ እሱ ጋ ነው፣ ሙሉ የመወሰን ሥልጣንም አለው። ጠዋት ተነስቼ የወሰነውን አልቀለብስም።

ታማሚ ሲቀንስ ሰውም በቅደም ተከተል ለቀቅን። በቅድሚያ የሌሊት ነርሶቹ በደብዳቤ ወደየጤና ጣቢያቸው ተመለሱ። ከዚያ የሕክምና ማዕከሉ ተዘጋ። ቅኝቱን ግን አልነካነውም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ቤት ለቤት መዞራቸውን ቀጠሉ። የተረፈው ሪንገር ተቆጥሮ በሞዴል 19፣ በንብረት ገቢ ማድረጊያው ቅጽ፣ ንብረት ክፍል ገባ። የመጨረሻው አበል የተከፈለው ከዚያ በኋላ ነው።