የሊድሱ ኮንሰርት

ዛሬ ቤት እያጸዳሁ የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የዘ ሁን የመድረክ አልበም «ላይቭ አት ሊድስ» ከፍ አድርጌ ከፈትኩት። ጽዳቱ እዚያው ቀረ። ጎረቤቶቼ ይቅር ይበሉኝ!

የተቀዳው በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ነው። ስታዲየም እንዳይመስላችሁ፤ የሊድስ ዩኒቨርሲቲ መመገቢያ አዳራሽ ነው። በማግስቱ ሃል ከተማም ተጫውተው ነበር። የዚያኛው ቅጂ ላይ ግን የቤዝ ጊታሩ ድምፅ በአንዳንድ ዘፈኖች ሳይገባ ቀረና አልበሙ ከሊድሱ ተሠራ።

እኔን የሚገርመኝ መድረኩ ላይ ሦስት መሣሪያ ብቻ መሆኑ ነው። ፒት ታውንዘንድ ጊታር፣ ጆን ኤንትዊስል ቤዝ፣ ኪት ሙን ድራም። ሮጀር ዳልትሪ ይዘፍናል። በቃ። ግን ኤንትዊስል ቤዙን እንደ ሊድ ጊታር (ዜማውን እንደሚመራው ጊታር) ነው የሚጫወተው። ሙን ደግሞ ዝም ብሎ ምት አይጠብቅም፤ ዘፋኙን እየተከተለ ይወቅጠዋል። «ማይ ጀነሬሽን» በስቱዲዮ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነበር። እዚህ ከ14 ደቂቃ በላይ ይሄዳል፣ ያውም ሌሎች ዘፈኖቻቸውን መሀሉ ላይ እየሰነቀረ።

ሽፋኑ ተራ ቡናማ ወረቀት ላይ ማኅተም የተመታበት ይመስላል። በድብቅ የሚሸጡትን ሕገወጥ ቅጂዎች እንዲመስል ሆን ብለው ነው ያደረጉት።

የመጀመሪያው ሸክላ 6 ዘፈን ብቻ ነበረው። በ1995 እ.ኤ.አ. ብዙ ተጨምሮበት በሲዲ ወጣ። እኔ ግን አሁንም 6ቱን እመርጣለሁ፤ ሲረዝም ይሰለቸኛል፣ አትፍረዱብኝ።

እስቲ እናንተስ የትኛውን የመድረክ አልበም ትወዳላችሁ?