ላይነሩ እንጀራ ነው ወይስ ድርቆሽ?

የመዋኛ ገንዳችን አዲስ ላይነር ከገባለት በኋላ አንድ ሙሉ ሰመር አለፈ። ውሃው አልጎደለም። ስለዚህ ትንሽ ልኩራ። ኩራቱ ግን ብዙ አይቆይም፤ አሮጌውን ላይነር የገደልኩት እኔው ነኝ። እሱን በኋላ እናዘዛለሁ።

ለማያውቅ ሰው፦ እዚህ ሜሪላንድ ያለው የኛ ገንዳ ሲሚንቶ አይደለም። ግድግዳው የብረት ፓነል ነው፣ ውሃውን የያዘው ደግሞ ውስጡ የተወጠረው ቪኒል ነው። ላይነር የሚባለው እሱ ነው። ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ወደ 80 ሺህ ሊትር ውሃ በዚያች ስስ ነገር ላይ ይተኛል። ሳስበው አሁንም ይገርመኛል።

ቤቱን በ2019 ስንገዛ ገንዳው አብሮ መጣ። ሻጮቹ በተዉልን ወረቀት ላይነሩ የገባው በ2011 ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ የሚወራላቸው አይደሉም። ፒኤች የሚባለውን የውሃውን የአሲድነት ልክ ከ7.2 እስከ 7.6 መያዝ ለመድኩ። የክሎሪን ጡባዊ ወለል ላይ ከተጣለ ነጭ ክብ እንደሚተው በራሴ ላይነር ላይ አየሁ። ቀዳዳ መለጠፍም ቻልኩበት፤ ልጣፉን ጥጉን አክብቦ መቁረጥ፣ ከቀዳዳው በየአቅጣጫው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ማስተረፍ፣ ማስቲሹን ቀብቶ ውሃ ውስጥ መጫን። በአጠቃላይ ስድስት ለጥፌአለሁ።

ነገሩ የመጣው በ2023 ነው። ውሃው በየቀኑ ይወርድ ጀመር። አንድ ባለሙያ ጠራሁ። አምስት ደቂቃ ቆሞ አየና «ቀለሙ ለቋል፣ 12 ዓመት ሆኖታል፣ ይቀየር» አለኝ። ሂሳቡ ወደ 5 ሺህ ዶላር። ልፈርም ምንም አልቀረኝም ነበር።

ያዳነችኝ እናቴ ናት። ያን ሰመር ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። በየጠዋቱ ቱቦውን ከፍቼ ገንዳውን ስሞላ ታያለች። አንድ ቀን አላስቻላትም። «እኛ ውሃ በፈረቃ እየጠበቅን፣ አንተ መሬት ታጠጣለህ? መጀመሪያ የት እንደሚሄድ እወቅ እንጂ!»

እውነቷን ነው። የት እንደሚሄድ አላውቅም ነበር።

በባልዲ ጀመርኩ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ባልዲውን ውሰዱ። ባልዲውን በገንዳው ውሃ ሞልታችሁ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ታስቀምጡታላችሁ፣ አፉ ከውሃው በላይ ሆኖ። ባልዲው ውስጥ ያለውን የውሃ ልክ በፕላስተር ምልክት ታደርጋላችሁ፣ የገንዳውንም እንደዚያው በባልዲው ውጭ በኩል። ከዚያ 24 ሰዓት መጠበቅ ነው። ዝናብ የሌለበት ቀን ይሁን፣ ልጆችም አይግቡበት። ፀሐይና ነፋስ ከሁለቱም እኩል ይወስዳሉ። ገንዳው ከባልዲው በላይ ከጎደለ ትርፉ ፍሳሽ ነው።

የኔ ባልዲ 6 ሚሊ ሜትር ጎደለ። ገንዳው 25። በ16 በ32 ጫማ ገንዳ ልዩነቱ በቀን ወደ 900 ሊትር ይመጣል። ለእማዬ በጀሪካን አሰላሁላት፤ ባለ 20 ሊትር 45 ጀሪካን። አማተበች።

ቀጥሎ ፓምፑን አጥፍቼ ያንኑ ደገምኩ። ፓምፑ ሲሠራ ፍሳሹ የሚብስ ከሆነ ፓምፑ ውሃውን ወደ ገንዳው የሚመልስበት የግፊት ቧንቧ ይጠረጠራል። የኔ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ ቧንቧውን ተውኩት። ከዚያ ትዕግስት የሚፈትነው ክፍል መጣ፦ ውሃ ሳልጨምር መተው። ውሃ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ መውረዱን ያቆማል። በየማታው ግድግዳው ላይ ፕላስተር እለጥፋለሁ። ፓምፑ ስለጠፋ ክሎሪን በእጄ ብበትንም ውሃው ወደ አረንጓዴ ማድላት ጀመረ። ባለቤቴ «ጎመን ዘራህ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። በአምስተኛው ቀን ውሃው ቆመ። ከስኪመሩ አፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ።

ስኪመር ማለት ግድግዳው ላይ ቅጠልና ቆሻሻ የሚስበው መስኮት ነው። ውሃውን መልሼ ሞላሁና መነጽር አድርጌ ገባሁ። በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ቀይ የምግብ ቀለም ይዤአለሁ። ፓምፑ ጠፍቷል፣ ውሃው ረግቷል። ሰፈር ውስጥ ጎሚስታው ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ይፈልግ የለ? እኔ ደግሞ የተገላቢጦሹን፣ የሚገባውን ነው የምፈልገው። ቀለሙን ጠብ ጠብ ባደረግሁበት ሁሉ እንደ ጭስ ተንሳፎ ይቀራል። ከስኪመሩ ክፈፍ ታችኛው ቪቴ ጋ ስደርስ ግን እንደ ክር ተስቦ ገባ። ውሃ ውስጥ ሆኜ ጮህኩ፣ ውሃም ጠጣሁ።

ውሃውን ከስኪመሩ በታች አውርጄ ክፈፉን በካቻቪቴ ፈታሁት። ከክፈፉ ሥር ውሃ እንዳያሾልክ የሚገባው ጓርኒሲዮን እጄ ላይ ተሰባበረ። እማዬ አንዱን ቁራጭ አንስታ አየችው። «ይኼ እኮ ድርቆሽ ሆኗል» አለች።

አዲስ ጓርኒሲዮን ገባ፣ ፍሳሹ ቆመ። ለ5 ሺህ ዶላር ሥራ የ20 ዶላር ዕቃ በቃው።

እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። ቀለም ለቀቀ ብሎ ላይነር መቀየር ለኔ ብክነት ነው። ቀለም መልክ ነው። ዋናው ጥያቄ የእማዬ ነው፦ እንጀራ ነው ወይስ ድርቆሽ? የላይነሩ ፕላስቲክ በተፈጥሮው እንደ ፕላስቲክ ቧንቧ ደረቅ ነው። ልስላሴው የሚመጣው ከሚጨመርበት ማለስለሻ ነው። ፀሐይና የበዛ ክሎሪን ያንን ቀስ በቀስ ያወጡታል። መጀመሪያ የሚደርቀው ከውሃው በላይ ያለው ነው። እሱን በአውራ ጣታችሁ ጫን በሉት። ሰጥቶ ከተመለሰ ገና እንጀራ ነው። ደቃቅ ስንጥቅ ካሳየ ገንዘብ ማጠራቀም ጀምሩ። የላይነሩ ጠርዝ ከተሰካበት የላይኛው ቦይ ከወጣባችሁም ሙቅ ውሃ አፍሱበትና ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ተለጥጦ ከገባ ዕድሜ አለው። ከተቀደደ መልሱን አገኛችሁ። አንዱን ለጥፋችሁ ሳትጨርሱ አጠገቡ ሌላ የሚከፈት ከሆነም እንዲሁ።

አሁን ኑዛዜው። በ2024 ጸደይ ታችኛው ወለል ላይ ያለው ቡናማ እድፍ ዓይኔን ወጋው። «ውሃውን ላፍስስና በደንብ ልፈግፍገው» አልኩ። ቪኒል ገንዳ ባዶ አይደረግም የሚለውን አንብቤ ነበር። የውሃው ክብደት ነው ላይነሩን ወጥሮ የሚይዘው፣ ግድግዳውንም የሚደግፈው። ባዶ ከሆነ የከርሰ ምድር ውሃ ላይነሩን ከታች ሊያነሳው፣ አፈሩም ግድግዳውን ሊገፋው ይችላል። እኔ ግን ስኪመሩን ካስተካከልኩ ወዲህ ራሴን መሐንዲስ አድርጌ ነበር። ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ባዶውን ዋለ። ፈገፈግሁት፣ ጸዳ፣ ፎቶ አነሳሁት።

ስሞላው ደረጃው ጥግ ላይ «ጧ» አለ። ሲደርቅ ተኮማትሯል፣ ውሃው ሲመጣበት መለጠጥ አልቻለም። የክንዴን ያህል ተቀደደ። ባለሙያውን መልሼ ስደውል ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር።

አዲሱ 28 ሚል ነው፣ 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ። ወፍራሙን ግዛ ብለውኝ ነበር። ውፍረት ከመበሳት ያድናል እንጂ ከክሎሪን ስህተት አያድንም ብዬ መካከለኛውን ወሰድኩ፤ የምታሾፉብኝ ካላችሁ ከአሥር ዓመት በኋላ እንነጋገር። የተገጠመው በሞቃት ቀን ነው፣ ቪኒሉ እንዲለሰልስ። አየሩን ከጀርባው በማሽን መጥጠው ከግድግዳው ጋር አጣበቁት። የስኪመሩን ቀዳዳ የቆረጡት ውሃው ሊደርስበት ሲል ነው። ጓርኒሲዮኑን በሙሉ አዲስ እንዲያደርጉት ለምኜ አይደለም፣ ቆሜ አስደረግሁ።

ለእማዬ በስልክ የተቀደደውን ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ «አሮጌውን አትጣለው፣ በርበሬ ይሰጣበታል» አለችኝ። የ13 ዓመት ክሎሪን ጠጥቷል ብዬ ለማስረዳት ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። በጥልቁ በኩል፣ ከመብራቱ ሥር፣ የጣት ርዝመት ያህል እጥፋት አለ። ፒኤች 7.4 ነው። የክረምት ሽፋኑን ስናነሳ አልነበረም። በእግሬ ገፋሁት፣ በለስላሳ ብሩሽ ገፋሁት፣ በማግሥቱ ተመልሶ ቦታው ላይ ነው። ይኼ ነገር የደረሰበት ሰው ያገኘው መላ ካለ ይጻፍልኝ። ውሃውን አፍስስ እንዳትሉኝ ብቻ።