ቀዩ ጥላ

አዲስ አበባ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ቁልቢን አልፎ ነው ድሬዳዋ የሚገባው። ይህን ረዳቱ ሦስት ጊዜ ነገረኝ። በላስቲክ የተጠቀለለ ትልቅ ጥላ ይዣለሁና ተሳላሚ መሆኔን ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልገውም። "እህት፣ እዚሁ ብትወርጂ ይሻልሻል። ነገ ከድሬ መኪና አታገኚም" አለኝ። እውነቱን ነው። ታኅሣሥ 17 ነው፤ መንገዱ ከወዲሁ ነጠላ ለብሷል።

እኔ ግን ታዝዣለሁ። ጥላው ያለ እትዬ አይገባም። እትዬ የእናቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ቤታቸው ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። እናቴ ጉልበቷ እምቢ ስላላት እኔን ላከችኝ፣ እኔን ደግሞ ለእትዬ አደራ ሰጠችኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ለእናቴ ይህ ምንም አይደለም።

ስለቱ ለአባቴ ነበር። ሁለት ዓመት ኩላሊት እጥበት ላይ ቆየ። እናቴ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆማ፣ "ገብርዬ፣ ከዚህ አልጋ ብቻ አንሳልኝ፣ ጥላ አስገባለሁ" ብላ ተሳለች። አባቴ ግንቦት ላይ አረፈ። ኅዳር ሲገባ እናቴ ጥላ ልግዛ አለች። ስለት እኮ ሲሰምር ነው የሚገባው፣ ምን ዕዳ አለብሽ አልኳት።

"ከአልጋ አንሳልኝ አልኩት እንጂ ወዴት እንደሚወስደው መች ነገርኩት?" አለችኝ።

ትቀልድ፣ ታልቅስ፣ እስካሁን አላውቅም። ገበያ ወጥተን እኔ አረንጓዴውን መረጥኩ፤ እሷ ቀዩን ገዛች።

ድሬ ስደርስ ባጃጅ ይዤ ወደ እትዬ ቤት ሄድኩ። ደቻቱን አይቶ ወንዝ ነው የሚል እንግዳ የለም። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። ልጆች ኳስ ይራገጡበታል፣ ሰው አቋርጦት ገበያ ይሄዳል። ዳርና ዳሩን ግንብ ይዞታል። ግንቡ ለምን እንደቆመ የድሬ ሰው ሳይጠየቅ ይነግራችኋል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ለእሑድ አጥቢያ፣ ሰው እንቅልፍ ላይ ሳለ ጎርፉ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ከእነሱ አንዷ የእትዬ ልጅ ነበረች። 11 ዓመቷ።

ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ከእትዬ አፍ ግን ሰምቼው አላውቅም። በዚያ ምሽትም አልነገሩኝም። ሻይ አፈሉ፣ የድሬን ጣፋጭ ሙሸበክ አቀረቡ፣ አግቢ እያሉ ጨቀጨቁኝ።

በማግስቱ ፈጢራችንን በልተን ወጣን። ረዳቱ እንዳለው መኪና ጠፋ። ስንጋፋ ቆይተን አንድ ሚኒባስ ላይ፣ ሁለት ሰው በሚቀመጥበት ወንበር ለሦስት ተሳፈርን። ጥላው ጭኔ ላይ ነው፣ ጫፉ የፊተኛውን ሰውዬ ጆሮ ይነካል። ሽቅብ ወደ ዴንገጎ ስንጠማዘዝ የድሬ ሙቀት ከኋላችን ቀረ። እትዬ በመስኮት ቁልቁል ገደሉን አሳዩኝ።

"በዚህ ነው የወረደው" አሉ።

"ምኑ?"

"ውሃው።"

ዝናቡ ደጋው ላይ ይጥላል፣ ጎርፉ ቆላ ይወርዳል። ለካ በየዓመቱ ቁልቢ ሲሳለሙ በዚያው ጎርፍ አናት ላይ ነው የሚያልፉት። ዴንገጎ ላይ ወደ ቀኝ ታጠፍን፣ ከዚያ በኋላ መንገዱን አላየሁትም።

ቁልቢ ብርዱ ሌላ ነው። ከድሬ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ሌላ አገር የገባችሁ ይመስላችኋል። ሰው ዳገቱን ድንጋይ ተሸክሞ ይወጣል። ጨቅላ ያዘለች አለች፣ በጉልበቷ የምትሄድ አለች። መንገዱ ግራና ቀኝ በነዳያን ተሞልቷል። ከላይ ድምፅ ማጉያው የስለቱን ዝርዝር ያለማቋረጥ ይጠራል። ወንድ ልጅ ሰጥቶኝ፣ ቪዛ ተሳክቶልኝ፣ ከእስር ተፈትቼ። በእያንዳንዱ እልልታ። ልዋሽ አልችልም፣ ቀናሁ። ጥላዬን ታቅፌ፣ የሁሉም ሲሰማ የኛ ለምን ቀረ እያልኩ ነበር።

ጋቢ ለብሰን ቅጥሩ ውስጥ አደርን። እትዬ እዚያ ነው የነገሩኝ፣ ሳልጠይቃቸው።

"ሁለት ዓመት ተኳርፈን ነበር" አሉ።

"ከማን ጋር?"

"ከገብርኤል ጋር ነዋ! በየዓመቱ ልጄን ይዤ እዚህ መጥቻለሁ። አደራ ብዬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሥዕሉን ከግድግዳ አወረድኩት።"

ለቅሶ ላይ የመጣ ሁሉ "እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔርም ነሣ" ይላቸው ነበር። የአባቴ ለቅሶ ላይም ስንቱ አለኝ መሰላችሁ። ቃሉ እውነት ነው። ግን እኮ ኢዮብ ስለ ራሱ ሐዘን የተናገረው ነው፤ ለለቅሶኛ አላስጠናውም። ጓደኞቹም ቢሆኑ ጥሩ የሠሩት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሰባት ቀን አብረውት መሬት ተቀምጠው ዝም ሲሉ። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

"ታዲያ ማን አስታረቃችሁ?" አልኳቸው።

"ጎረቤቴ። ሙስሊም ናት፣ ታውቂያታለሽ። አርባ ቀን ሙሉ ምግብ እያመጣች አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። አንድም ቀን አይዞሽ አላለችኝም። በሦስተኛው ዓመት ታኅሣሥ ሲደርስ መጣችና፣ 'ሂጂ አቦ፣ ቤቱን እኔ እጠብቃለሁ' አለች። ቆጣ ብላ። ሄድኩ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እዚህ ቆሜ ስብከት ሰማሁ። ስለ ሠለስቱ ደቂቅ።"

ታኅሣሥ 19 የእነሱ ቀን ነው። ለናቡከደነፆር ምስል አንሰግድም ያሉት አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ሰባት እጥፍ በነደደ እሳት ውስጥ ተጣሉ፤ ገብርኤል ወርዶ አዳናቸው። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። እሳት ውስጥ ከመጣላቸው በፊት ለንጉሡ የሰጡትን መልስ ግን ብዙዎቻችን አናስተውለውም። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉት። ቀጥለው፣ "ባያድነን" እንኳ አንሰግድም አሉ።

"ባያድነን" አሉ እትዬ፣ ቃሏን ጎትተው። "እኔ ያዳናቸውን ብቻ ነበር የማውቀው። ይቺን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ማንም አላሳየኝም። ለካ ሳይድኑም የእሱ ነበሩ።"

"ተጽናኑ ታዲያ?"

"ኧረ ተይኝ። ልጄ ናት እኮ። ብቻ ሥዕሉን መልሼ ሰቀልኩት።"

ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ። እኔ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለ ራስ መኮንን አሰብኩ። ወደ አድዋ ሲዘምቱ እዚህ ተስለው፣ በ1888 ዓ.ም. ድል አድርገው ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩ ይነገራል። ተሳላሚው ሁሉ ይህን ያወራል። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 1898 ዓ.ም.፣ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ መንገድ ላይ ታመው እዚሁ ቁልቢ ነው ያረፉት። በዚያን ጊዜስ ማን ተስሎላቸው ይሆን? ሰው እንደተሳለላቸው አልጠራጠርም።

ጠዋት ስለት መቀበያው ጋ ተሰለፍን። ከፊቴ የነበረችው ሴት ከሰባት ዓመት በኋላ ልጅ አግኝታ ነው፤ እያለቀሰች ምንጣፍ አስረከበች። ተራዬ ደረሰ። ጸሐፊው ቀና ሳይል፣ "ከየት?"

"ከአዲስ አበባ። አንድ ጥላ።"

"ምን ተደርጎልሽ ነው?"

ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀሁም። እትዬን ዞር ብዬ አየኋቸው። ጥላውን ያያሉ እንጂ እኔን አያዩኝም።

"አባቴ ታሞ ነበር" አልኩ።

"ዳነ?"

"አረፈ።"

ያን ጊዜ ቀና አለ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ይገፋል። እስክሪብቶውን ትንሽ ይዞ ቆየና ጻፈ፣ ደረሰኝም ቆርጦ ሰጠኝ። ብዙም ሳይቆይ ድምፅ ማጉያው፣ "ከአዲስ አበባ፣ አንድ ጥላ" አለ። ሕዝቡ እልል አለ። ለምንጣፉ እንዳለው፣ ለቪዛው እንዳለው። እትዬም እልል አሉ። እኔ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣኝም።

ዳገቱን ስንወርድ እናቴ ደወለች።

"አስገባሽ?"

"አስገባሁ።"

"እልል አሉ?"

"አሉ፣ እማዬ።"

ትንሽ ዝም አለች።

"ቀዩን ወደዱት?"