«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የለቀቁት»

ሜካኒክ ነኝ። ደብረ ብርሃን፣ ደሴ መንገድ ዳር ካለ ጋራዥ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ አይሱዙ ስፈታና ስገጥም ኖሬያለሁ። 46 ሲሞላኝ ቱታዬ ሆዴ ላይ አልዘጋ አለ። የወደቀ ቁልፍ ለማንሳት ሳጎነብስ ማቃሰት ጀመርኩ። በቃ፣ ብረት ላንሳ አልኩ።

የጋራዥ ሰው ለጂም ገንዘብ አይከፍልም። ሁለት አሮጌ የፍሬን ታምቡር ከቧንቧ ጫፍና ጫፍ በየድኩ፣ መያዣው ላይ የጎማ ካላማዳሪ ጠቀለልኩበት፣ አለቀ። ጓሮ አስቀመጥኩት።

ኅዳር ላይ ጀመርኩ። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ንጋት የቀመሰ ያውቀዋል፤ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው ያለነው፣ ብረቱ በውርጭ እጅ ያቃጥላል። መጀመሪያ በሳምንት 3 ቀን ነበር የማነሳው፣ እውነት ለመናገር ደስ ይል ነበር። ትከሻዬ ተመለሰ፣ ቱታው ተዘጋ። ከዚያ ስስት ያዘኝ። 3 ቀን እንዲህ ካደረገኝ 6 ቀንማ ምን ሊያደርገኝ ነው ብዬ እሑድን ብቻ ለእረፍት ተውኩ። ሁዳዴ ሲገባም አላቆምኩም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ብረት አነሳለሁ፣ 2 ሰዓት ሥራ እገባለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ከብረት ጋር ስታገል እውልና እህል የምቀምሰው 9 ሰዓት ላይ ነው። አሁን ሳስበው ራሴን እታዘባለሁ።

ምልክቱ ነበረ እኮ። ብሎን ሳጠብቅ ክርኔ በውስጥ በኩል ይወጋኛል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነቅቼ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ጥር ላይ እንደ ቀልድ የማነሳው ብረት መጋቢት ላይ ከበደኝ። እኔ ግን ስንፍና ነው ብዬ ጭራሽ አባስኩት። ረዳቴ ላይ በትንሽ በትልቁ መጮህም ያኔ ነው የጀመርኩት።

ሐሙስ ቀን ነው። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ጣርማ በርን ሲወጣ ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ እንደምንም ደረሰልን። የፍሪሲዮኑን ሸራ ለመቀየር ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ መውረድ አለበት። በሥርዓቱ በፓራንኮ፣ በሰንሰለት ማንሻው፣ ነው የሚወርደው፣ ያን ቀን ግን ፓራንኮው ሌላ ሞተር ላይ ነበረ፣ ሾፌሩ ደግሞ ሽንኩርቱ ሳይበላሽብኝ አዲስ አበባ ልግባ እያለ ይጨቀጭቃል። በክሪክ ደግፈን በእጅ እናውርደው አልኩ። ስንት ጊዜ አውርደነዋል!

ክሪኩ ከሥር፣ ልጁ ረዳቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የመጨረሻው ብሎን ወጣ። ካምቢዮው ወደ እኔ ዘመም አለ። ሁሌም ይዘማል፣ ሁሌም ጨበጥ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ጨበጥኩት፤ እጄ ግን አልጨበጠም። ሕመም እንኳ አልተሰማኝም፣ ጣቶቼ ዝም ብለው ተከፈቱ። ካምቢዮው ከክሪኩ ላይ ተንሸራቶ ከሥር ያነጠፍነው አሮጌ ጎማ ላይ ወደቀ፣ ሲወርድ ግን የልጁን የመሃል ጣት አገኘው።

«ለምን አትይዝም!» ብዬ ጮህኩበት። ስጽፈው ያሳፍረኛል። ልጁ ጣቱን ብብቱ ውስጥ ቀብሮ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ጋሼ፣ እኔ ይዤ ነበር። እርስዎ ነዎት የለቀቁት» አለኝ።

አጥንቱ ተርፏል። ጥፍሩ ጠቁሮ ወደቀ። እሱን ላሳክም የሄድኩ ሰውዬ የራሴንም ክርን አሳየሁ። ፊዚዮቴራፒስቷ በሳምንት ስንት ቀን ብረት ያነሳሉ አለችኝ። 6 አልኳት። ሥራዎስ ምንድን ነው? ነገርኳት። ሳቋ መጣ። «ታዲያ 12 ይበሉት እንጂ» አለችኝ።

ለካ ጋራዡን ቆጥሬው አላውቅም። ካምቢዮ ማውረድ፣ ጎማ ማንሳት፣ ባላስትራ መፍታት ለጡንቻ ያው ብረት ነው፣ ደሞዝ ስለሚከፈልበት አይቀለውም። እንዳስረዳችኝ ከሆነ ጡንቻ ሲሠራ ይደክማል፣ የሚጠገነው ስንበላና ስንተኛ ነው፣ ከከባድ ሥራ በኋላም አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ጅማት ደግሞ ደም እንደ ልብ ስለማያገኝ ከጡንቻ ወደ ኋላ ይቀራል። ትከሻዬ ሲወፍር ክርኔ ያልተከተለው ለዚህ ነው። በዚህ ላይ ዕድሜ ሲጨምር ጥገናው ይዘገያል። ግን ይተዉት አላለችኝም። ጡንቻ በ30ዎቹ ውስጥ ጀምሮ ቀስ በቀስ ስለሚቀንስ እንዲያውም ብረት የሚያስፈልገን እኛ ነን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ነው። 2!

አባቴ አንጎለላ ገበሬ ነበር። ፀሐይ ስትከር በሬዎቹን ይፈታል። ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔዓለም ሲሆን ሞፈር አይነካም። ልጅ ሆኜ ይሄ ሁሉ በዓል ነው ያደኸየን እል ነበር። እኔ አራሽ ብሆን ኖሮ እነዚያ በሬዎች በሁለተኛው ሳምንት አገር ጥለው ይሄዱ ነበር።

ብረቱን ስድስት ሳምንት አልነካሁትም። አሁን ማክሰኞና ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነው። ካምቢዮ ወይ ሞተር ባወረድንበት ቀን ማክሰኞም ቢሆን ታምቡሮቹን ዞር ብዬ አላያቸውም፣ የዕለቱ ተሠርቷል። በጾም ከሥራ መልስ አነሳና ወዲያው ምስር ወይ ሽሮ እበላለሁ፣ ኪሴ ውስጥም አሹቅ አይጠፋም። የሚገርመው፣ በ6 ቀን የከበደኝን ብረት በ2 ቀን እንደ ቀልድ አነሳዋለሁ። እንቅልፌም ተመልሷል።

አለቃችን ያለ ፓራንኮ ካምቢዮ አይወርድም ብሎ ግድግዳው ላይ በቀለም ጽፏል። የልጁ ጥፍር በቅሏል፣ ትንሽ ጠመም ብሎ። መኪና ሥር ልንገባ ስንል ግን ዛሬም ይጠይቀኛል።

«ጋሼ፣ ትናንት ብረት አነሱ እንዴ?»

አላነሳሁም እለዋለሁ። እሱ ግን ጣቱን አስቀድሞ ያሸሻል።