የአባቴ ላንድሮቨር ባሌስትራ

መኪናው የአባቴ ነው፤ ላንድሮቨር ሲሪስ 3፣ ባለ 109 ኢንች፣ ከኋላው ክፍት መጫኛ ያለው። ባዶውን ከአዳማ ወንጂ ሲሄድ እንደ ፍየል ይዘላል። እናቴ አንድ ጊዜ ተሳፍራበት ስትመለስ «ወገቤን መንገድ ላይ ጥዬው መጣሁ» ብላ ከዚያ በኋላ ባጃጅ ሆነ የምትይዘው።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ባሌስትራውን፣ ማለትም መኪናውን የሚሸከሙትን ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች፣ አውጥቼ ሞላ (የተጠማዘዘ ስፕሪንግ) ማስገባት ነበር። አምራቹ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ዋን ቴን በተባለው ሞዴል ላይ ወደ ሞላ ዞሯልና እኔስ ምን ይከለክለኛል አልኩ። አባቴ የሚያምናቸው አዛውንት መካኒክ ሻይ እየጠጡ ሰሙኝና «ልጄ፣ ሞላ ክብደት ይሸከማል እንጂ አክሰል አይዝም» አሉኝ። ባሌስትራ ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው፤ ይሸከማል፣ አክሰሉንም (ግራና ቀኝ ጎማዎቹ የተገጠሙበትን ዘንግ) ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ይይዛል። እሱ ከወጣ አክሰሉን የሚይዙ ክንዶች ከሻንሲው፣ ከመኪናው የብረት አጽም፣ ጋር መበየድ አለባቸው። «ይህን ሻንሲ ግን አይተኸዋል?»

አላየሁትም ነበር። የላንድሮቨር ቦዲ አልሙኒየም ስለሆነ ዝገት የለበትም፤ ባለቤቱም ሻንሲው ደህና ይመስለዋል። አዛውንቱ ጋሼ በትንሽ መዶሻ ከፊት ጀምረው እያንኳኩ ወደ ኋላ ሄዱ። ጤነኛው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የኋላው ባሌስትራ ከሚንጠለጠልበት ቦታ ሲደርሱ ድምፁ የእርጥብ እንጨት ሆነ፤ በሁለተኛው ምት መዶሻው ወደ ውስጥ ገባ። ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ ይህን ቆርጦ አዲስ ብረት ማስበየድ ነው። የሞላው ነገር እዚያው ቀረ።

በምትኩ ፓራቦሊክ የሚባለውን ባሌስትራ አስመጣሁ። ዋጋውን ለባለቤቴ የነገርኳት በሁለት ዙር ነው። የድሮው ከኋላ በእያንዳንዱ ጎን አሥር ቅጠል ነበረው፤ አዲሱ ሦስት ብቻ። እያንዳንዱ ቅጠል መሃሉ ወፍራም፣ ወደ ጫፎቹ እየሳሳ የሚሄድ ነው፤ ከመሃልና ከጫፍ በቀር እርስ በርስ አይነካካም። ስለዚህ ትንሽ ጉድጓድ ላይ እንኳን ወዲያው ይታጠፋል። የድሮዎቹ ቅጠሎች ግን በዝገት ተጣብቀው እንደ አንድ ወፍራም ብረት ሆነው ነበር፤ መኪናውን የሚያዘልለውም ይኸው ነበር።

መፍታቱን ባልተርከው ይሻላል። ብሎኖቹ ከቡሺንጉ (በባሌስትራው ጫፍ ቀዳዳ ከሚገባው ባለ ጎማ ቀለበት) ጋር ተጣብቀው ከስምንቱ አምስቱን በብረት መጋዝ ቆረጥን።

ስህተቶቼ የጀመሩት ስንገጥም ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ስል አሮጌውን አሞርዛተር (የመኪናውን መወዛወዝ የሚያረግበውን) መልሼ አሰርሁ። ሶደሬ መንገድ ላይ ስወጣ መኪናው መዝለሉን ትቶ እንደ ጀልባ ይወዛወዝ ጀመር፤ አንድ ጉብታ ካለፍኩ በኋላ አራት አምስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ጋሼን ስጠይቃቸው ሳቁ። የድሮው ባሌስትራ ቅጠሎቹ ሲፋተጉ ራሱን በራሱ ያረግብ ነበርና የሞተውን አሞርዛተር ደብቆልኝ ኖሯል። ፓራቦሊኩ ያን ፍትጊያ ስለሌለው ሥራው ሁሉ በአሞርዛተሩ ላይ ወደቀ። ባለ ጋዙን ገዛሁ።

እሱንም ቢሆን ሳልለካ ገዝቼ ነበር። መኪናው በአዲሱ ባሌስትራ ባዶውን አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለነበር ጎማው ሲንጠለጠል አሞርዛተሩ ቀድሞ ተለጥጦ ያልቃል፤ አክሰሉን የሚያቆመው እሱ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ብዙ አይቆይም። አሞርዛተሩን አውጥተን አክሰሉን በክሪክ እስከ መጨረሻው ከፍና ዝቅ እያደረግን በጠመኔ ምልክት አደረግን፤ የላይኛውን መያዣ በዚያ ልክ ቶርኖ ቤት አሠራሁት። በዚሁ ልኬታ ነው ወደ ኋላ አክሰል የሚወርደው የፍሬን ጎማ ቱቦ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ያየሁት። ሶደሬ ድረስ በዚያ ሁኔታ መንዳቴን ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል። ረዘም ያለ ቱቦ አስገባን።

ሁለተኛው ጥፋት የታወቀኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው። የባሌስትራውን ብሎኖች በኃይል ያጠበቅሁት መኪናው ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ነበር። የቡሺንጉ ጎማ በብረቶቹ መካከል ተነክሶ ስለሚያዝ መኪናው መሬት ሲወርድ ተጠምዝዞ ቀረ፤ ጠምዛዛ ሆኖ እየሠራም ተቀደደ። ብሎኑ ላላ ተደርጎ ይገባል፤ መኪናው በጎማው ቆሞ ወዲያና ወዲህ ከተገፋ በኋላ ነው የሚጠብቀው። ለሁለተኛ ጊዜ አራት ቡሺንግ ገዛሁ። ባሌስትራውን ከአክሰል ጋር የሚያስሩትን የዩ ቅርጽ ብሎኖች ግን ከመጀመሪያው አዲስ አድርጌ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሜ አጥብቄ ነበር፤ ከሠራሁት ሁሉ ያላሳፈረኝ ይህ ብቻ ነው።

አሁን ስምንት ኩንታል ሽንኩርት ጭኜ የአሰላን ዳገት እወጣለሁ፤ ኩርባ ላይ ከድሮው ትንሽ ያዘነብላል፣ ለምጄዋለሁ። እናቴ ባለፈው እሑድ ወንጂ ድረስ አብራኝ ሄዳ ምንም አልተናገረችም። ስንመለስ ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት እንዳቆምላት ጠየቀችኝ፤ ጎረቤቶቿ ስትወርድ እንዲያዩዋት።