ሲሞቅ የሚሞተው ዲቲ

መዶሻውን ያነሳሁት እኔው ራሴ ነኝ። ይህን ቀድሜ ልናገርና ልረፍ።

ሞተር ሳይክሌ ያማሃ ዲቲ 125 ነው፤ ቱ ስትሮክ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው። ከአንድ ፕሮጀክት ጨረታ ላይ «ባለበት ሁኔታ» ገዛሁት። «ባለበት ሁኔታ» ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ጣርማ በር ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነስቼ ደብረ ሲና ወረድኩ። ስመለስ አቀበቱን እንደተያያዝኩት ሞተሩ ጸጥ አለ። ማንገራገር የለ፣ ማሳል የለ፤ እንደ ቤት መብራት ድርግም። ጉሙ ውስጥ ቆሜ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። ከዚያ በአንድ እርግጫ ተነሳ። ሩብ ሰዓት ሄዶ ደግሞ ጠፋ። አራቴ ሞቶ አራቴ ተነስቶ ቤቴ አደረሰኝ።

የመጀመሪያው መካኒክ «ባትሪ ነው» አለኝ። ገዛሁ። የዚህ ሞተር ብልጭታ ከባትሪ ጋር ጉዳይ እንደሌለው የነገረኝ ሰው አልነበረም። ኮረንቲው የሚመነጨው ቮላኖው (ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚሽከረከረው ባለ ማግኔት ክብ ብረት) ሥር ካለው ጥቅል ሽቦ ነው፤ ከዚያ ሲዲአይ (ብልጭታውን በሰዓቱ የሚለቀው የኤሌክትሮኒክ ሳጥን)፣ ከዚያ ቦቢና (ኮረንቲውን ከፍ የሚያደርገው)፣ ከዚያ ብልጭታው የሚዘልበት ካንዴላ። ባትሪውን አውጥተህ ብታስቀምጠውም ይነሳል። ባትሪ ለክላክስና ለፍሬቻ ነው።

ለነገሩ አዲሱ ባትሪ ቦሎ አስገኝቶልኛል። መርማሪው ክላክስ አስነፋኝ፣ ፍሬቻ አስበራኝ፣ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ሁለት ጊዜ አስተያየና «አልፈሃል» አለኝ። ሃያ ደቂቃ መሄድ የማይችል ሞተር! የጓደኛዬን እንደ ሰዓት የሚሠራ ሞተር ግን የኋላ አምፖሉ ተቃጥሏል ብሎ መልሶታል። እስካሁን ያናድደኛል።

ካንዴላ ቀየርኩ፣ የካንዴላውን ቆብ ቀየርኩ፣ ቦቢና ቀየርኩ። ያው ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርጄ ሲዲአይ በ4,000 ብር ገዛሁ። ከሻጩ ጭንቅላት በላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፏል። አንብቤዋለሁ። ገጠምኩት፤ ሞተሩ እዚያው ቦታ ላይ ሞተ።

የገላገሉኝ ጡረታ የወጡ የሰፈራችን መካኒክ ናቸው። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ሲጠፋብህ እዚያው ብልጭታውን አይተሃል?»

«የለም ጋሼ፣ ቤት ገብቼ ነው ያየሁት።»

«ቤት ስትገባማ ድኗል። የዳነ በሽተኛ መርምረህ ምን ልታገኝ ነው?»

ከዚያ በኋላ ትርፍ ካንዴላ በኪሴ ይዤ ወጣሁ። እንደጠፋ ቆቡን ነቅዬ በትርፉ ካንዴላ ላይ ሰካሁ፤ የካንዴላውን ብረት ቺሊንደሩ ላይ አስጠግቼ ረገጥኩ። ምንም ብልጭታ የለም። ቀጥዬ ጥቁርና ነጭ የሆነውን የማጥፊያ ሽቦ ከሲዲአዩ ለየሁት። ያኔ ብልጭታ ከመጣ ችግሩ ማጥፊያው ወይም የቁልፉ መስመር ነው። የኔ አልመጣም። እንግዲህ የቀረው ቮላኖው ሥር ያለው ነው።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ።

የሞተሩ የጥገና መጽሐፍ ቮላኖ በራሱ ማውጫ፣ በጥርስ ገብቶ ስቦ በሚያወጣው መሣሪያ፣ ይነቀላል ይላል። ማውጫ አልነበረኝም። አንድ ልጅ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ሲያወጣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይህ በቂ ትምህርት መሰለኝ። እሁድ ጠዋት ዳዶውን ፈታሁ፣ ሁለት ካቻቢቴ ከግራና ከቀኝ ሸጎጥኩ፣ መታ መታ ማድረግ ጀመርኩ። አስር ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ። ንቅንቅ አላለም። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም፤ መዶሻውን ከትከሻዬ በላይ አንስቼ አሳረፍኩት።

«ቀጭ» አለ። ወጣ። ደስ አለኝ፤ ለሁለት ሰከንድ ያህል። ገልብጬ ሳየው ውስጡ ያለው አንዱ ማግኔት ከቦታው ተላቆ ለሁለት ተሰንጥቋል። ዘንጉን አየሁ፤ ጫፉ እንደ እንጉዳይ ተደፍጥጧል፣ ዳዶውም አልገባ አለ። ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ ቡና ፈልቷል ልትለኝ መጥታ አየችኝና «እንኳን ጣትህ አልሆነ» ብላ ተመለሰች።

የዘንጉን ጥርስ ቶርኖ ቤት በመከራ አቀኑት። አሮጌ ቮላኖ 3,200 ብር። ማውጫውን እዚያው ቶርኖ ቤት አሠራሁት፤ 450 ብር! የማውጫው ጥርስ ወደ ግራ የሚዞር ስለሆነ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ እኔ የመጀመሪያውን በቀኝ አስቆርጬ ጥያለሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ጥቅሉን ለመለካት ቮላኖውን መንቀል አያስፈልግም ነበር። ሽቦዎቹ ወጥተው ታንከሩ ሥር ሶኬት ላይ ይገኛሉ። ሞተሩ ትኩስ እያለ ቴስተር ብሰካ በአምስት ደቂቃ አውቀው ነበር፤ ሲዲአዩንም አልገዛም። እኔ ግን ጥቅሉን ከተገጠመበት ሳህን ጋር አውጥቼ ለካሁት፦ ቀዝቃዛ እያለ 290 ኦም አካባቢ፣ ጤነኛ። ከሰል ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት። ቁጥሩ ተንቀጠቀጠ፣ ዘለለ፣ ከዚያ ቴስተሩ ምንም አላነብ አለ። ሲቀዘቅዝ 290 ተመለሰ። ከፀጉር የቀጠነው ሽቦ የሆነ ቦታ ተበጥሶ ኖሮ ሲሞቅ ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይነካካል። ሠላሳ ዓመት ሠርቷል፤ አልፈርድበትም።

መጽሐፉ «ሙሉውን ቀይር» ይላል። እኔ አስጠቅልሉት እላለሁ። የውሃ ፓምፕ ሞተር የሚጠቀልል ልጅ የድሮውን ዙር ቆጥሮ፣ በአዲስ ሽቦ ጠቅልሎ፣ ቫርኒሽ አጠጥቶ በ600 ብር ሠራልኝ። ስምንት ወር ሆነው። ገበያ ላይ ያለውን አስመስሎ የተሠራ ርካሽ ጥቅል ግን በነጻ ቢሰጡኝም አልገጥምም።

ስትፈቱና ስትመልሱ፦ ሳህኑን ሳትፈቱ በፊት በሚስማር ጭረት ምልክት አድርጉበት፤ ቦታው ከሳተ የብልጭታው ሰዓት ይዛባል። እዚህ ላይ አልሞኝም፣ አድርጌዋለሁ። የዘንጉን ሾጣጣ በቤንዚን አጥባችሁ አድርቁት፤ ግራሶ አይነካውም። ቮላኖውና ዘንጉ መሃል የምትገባው፣ ግማሽ ጨረቃ የምትመስለው ትንሽ ብረት በቦታዋ መቀመጧንም እዩ። ከተቆረጠች እርግጫው መልሶ እግራችሁን ይመታል።

ባለፈው ቅዳሜ የጣርማ በርን አቀበት ሳልቆም ወጣሁት። ማውጫው አሁን የሰፈር ንብረት ሆኗል፤ ማን ጋ እንዳለ እንኳ አላውቅም። ሲዲአዩ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። የፈለገ በ3,000 ይውሰደው። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።